በኮንዶሚኒየም ግቢ ለንብና ለቢራቢሮ የሚሆኑ አገር በቀል ዕፅዋት፤ የትኞቹን እንምረጥ?

ጥያቄ፦ የልደታ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። በልደታ ኮንዶሚኒየም የአንድ ብሎክ ነዋሪዎች ነን። በእኛና በጎረቤት ሕንፃ መካከል ወርዱ 4፣ ርዝመቱ 25 ሜትር የሚሆን ክፍት መሬት አለ። እስከ ዛሬ መኪና ሲቆምበት፣ ልብስ ሲሰጣበት፣ በበዓል ሰሞን ደግሞ በግ ሲታሰርበት የኖረውን ይህን ቦታ የብሎካችን ኮሚቴ አጥሮ አትክልት እንዲተከልበት ወስኗል፤ ተክሎቹን የመምረጡም ኃላፊነት ለእኔ ተሰጥቷል።

የግቢ ማስዋብ ሥራ የሚሠሩ አንድ ባለሙያ ቦታውን አይተው፣ መሬቱ በሙሉ ምንጣፍ ሣር እንዲለብስ፣ ዳር ዳሩ ተስተካክሎ በሚከረከም አጥር እንዲከበብ፣ መግቢያው ላይ ቡገንቪላ፣ መካከሉ ላይ ደግሞ ዘንባባ እንዲተከል የሚል ዕቅድ አቅርበውልናል። ዕቅዱ ለዓይን የሚያምር መሆኑን አልክድም። ሆኖም ገጠር ያደጉ አንዲት እናት በስብሰባው ላይ ተነሥተው፣ «ይህን ያህል ገንዘብ ወጥቶበት አንዲት ንብ የማታርፍበት አትክልት ምን ይረባል?» ብለው የጠየቁት ጥያቄ ኮሚቴውን ለሁለት ከፈለው። በመጨረሻ አገር በቀል የሆኑና ለንብ፣ ለቢራቢሮና ለመሳሰሉት ቀሰም የሚሰጡ ተክሎችን ዝርዝር አዘጋጅቼ ከዚያኛው ዕቅድ ጋር ጎን ለጎን እንዳቀርብ ተስማማን።

የቦታው ጠባይ እንዲህ ነው። የመሬቱ ግማሽ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ድረስ ፀሐይ ያገኛል፤ የቀረው ግማሽ አብዛኛውን ቀን በሕንፃው ጥላ ሥር ይውላል። አፈሩን በአካፋ ጫር ጫር ሲያደርጉት ከሕንፃው ሥራ የተረፈ የሲሚንቶና የብሎኬት ፍርስራሽ ይወጣል። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ የምናጠጣው ከሮቶ ቀድተን ነው። በአንደኛው ዳርቻ የፍሳሽ መስመር ስለሚያልፍ ትልልቅ ዛፍ መትከል ያስፈራናል። በዚህ ሁኔታ የትኞቹን ተክሎች እንድንመርጥ ትመክሩናላችሁ? በነገራችን ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤታችን በበረንዳቸው የተከሉት ቲማቲም ያብብና ፍሬ ሳይዝ አበባው ይረግፋል። ይህም ከንብ መጥፋት ጋር የተያያዘ እንደሆነ የሚያስረዳን ካለ እናመሰግናለን።

መልስ፦ መምህር ከስድስት ኪሎ

የተከበሩ ጠያቂ፣ የዕፅዋትን ትምህርት ለረጅም ጊዜ ያስተማርኩ ጡረተኛ በመሆኔ ጥያቄዎን በደስታ ነው ያነበብኩት። ስለ አንድ ጉዳይ ግን አስቀድሜ ማሳሰብ እወዳለሁ። አንድ ተክል አገር በቀል ስለሆነ ብቻ ለንብ መኖ ይሆናል ማለት አይደለም። የሐበሻ ጥድና ዝግባ ከአገራችን ዛፎች መካከል የከበሩ ቢሆኑም፣ የወንዴ አበባቸውን ዱቄት ወደ ሴቴው የሚያደርስላቸው ነፋስ ስለሆነ ንብን የሚጠራ ወለላ አያዘጋጁም። ወይራም ቢሆን፣ ንቦች ዱቄቱን አልፎ አልፎ ቢወስዱም፣ በአብዛኛው የሚተማመነው በነፋስ ነው። በአንጻሩ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ለንቦቻችን ብዙ ወለላ ይሰጣል። ስለዚህ «አገር በቀል ነው ወይ?» ብለው ከጠየቁ በኋላ ወዲያውኑ «መቼ ያብባል?» ብለው ይጠይቁ። በእኔ አስተያየት የአትክልታችሁ ጥቅም የሚወሰነው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። በአዲስ አበባ ዙሪያ መስከረምና ጥቅምት የጥጋብ ወራት ናቸው። ክረምቱ ሲወጣ አደይ አበባ፣ መች፣ ማጌትና በየእርሻው የተዘራው ኑግ ተከታትለው ስለሚያብቡ ንብ የምትቀስመውን አታጣም፤ የዓመቱ ዋና የማር ቆረጣም ይህን ተከትሎ በጥቅምትና በኅዳር ይሆናል። ከበልግ ዝናብ በኋላ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ አነስ ያለ ሁለተኛ ቆረጣ የሚገኝባቸው አካባቢዎች አሉ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ንቦች የሚቸገሩባቸው ሁለት ጊዜያት አሉ፤ አንደኛው ምድሩ የሚደርቅበት የበጋው መጨረሻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዝናቡ ከቀፎ አላስወጣ የሚልበት ሐምሌና ነሐሴ ነው። እናንተ በመስከረም ብቻ የሚደምቅ ግቢ ብትሠሩ ለጠገበ ሰው ድግስ እንደ መደገስ ይቆጠራል። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ በየተራ የሚያብብ ነገር ብትተክሉ ግን፣ ቦታችሁ ምንም ያህል ጠባብ ቢሆን በልደታ ዙሪያ ላሉ ንቦች እውነተኛ እርዳታ ይሆናል።

ለዚህ ዓላማ በመጀመሪያ የምጠራው ግራዋን ነው። ብዙ ሰው ግራዋን የሚያውቀው የጠላ ጋን በሚታጠብበት ቅጠሉ ስለሆነ፣ ስለ አበባው ሲናገር የሚሰማ እምብዛም የለም። ከገና በፊትና በኋላ ባሉት ሳምንታት ቀርባችሁ ብትመለከቱት ግን፣ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነጫጭ ጥቃቅን አበቦች እንደ ጉንጉን ተሰብስበው፣ በእያንዳንዱ ጉንጉን ላይም ሁለትና ሦስት ንቦች እየተጋፉ ታያላችሁ። በደረቁ ወር ያብባል፣ ሲከረከም መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ቁመቱንም ከሰው ቁመት ብዙ ሳያልፍ መያዝ ይቻላል። መከርከም ያለበት ግን አበባው ካለቀ በኋላ ነው፤ በኅዳር የተከረከመ ግራዋ የዚያን ዓመት አበባውን ያጣልና።

ከግራዋ ቀጥሎ እሬትን እመክራለሁ። ከአገራችን የእሬት ዝርያዎች ብዙዎቹ የሚያብቡት በደረቁ ወራት ነው፤ ውኃ በፈረቃ ለሚያገኝ ግቢም ከዚህ የተሻለ ታጋሽ ተክል ማግኘት ያስቸግራል። ቀይና ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው እንደ ቱቦ የረዘሙ አበቦች በተለይ ለወፎች የተዘጋጁ ናቸው። ንብ ቀይ ቀለምን ለይታ የማየት ችሎታዋ ደካማ ሲሆን፣ ወፍ ግን በደንብ ታየዋለች። በከተማችን ግቢዎች የምናያት፣ ማንቁሯ ቀጭንና ቆልመም ያለ፣ ወንዱ በፀሐይ ሲታይ ወይን ጠጅ የሚያብረቀርቅባት ትንሽ ወፍ እሬት ባለበት ግቢ አትጠፋም። ክረምቱ ሲወጣ የሚያብበው ራስ ክምርም ለዚህችው ወፍ የሚሆን ነው፤ ብርቱካናማ አበቦቹ በግንዱ ዙሪያ እየከበቡ እርከን በእርከን ስለሚወጡ ለዓይንም ቢሆን ከቡገንቪላ አያንስም።

ስለ ቡገንቪላ ካነሣሁ አይቀር፣ በእርሱ ላይ ቀለም ያለው ክፍል ቅጠል እንጂ አበባ አይደለም። እውነተኛ አበባው በመካከሉ ያለው ነጭ ቀጭን ቱቦ ሲሆን ጥልቀቱ ለማር ንብ ምላስ አይመችም። ለሽያጭ የተዳቀለው ድርብርብ ጽጌረዳም እንዲሁ ነው፤ ዱቄት ያፈራ የነበረው ክፍል ወደ አበባ ቅጠልነት ስለተለወጠ ንቧ ዞራ ዞራ ባዶዋን ትመለሳለች። በዚህ ፈንታ ቀጋን ተመልከቱ። አምስት ነጭ ቅጠሎች ብቻ ያሉት፣ መካከሉ ቢጫ ዱቄት የሞላበት የአገራችን ጽጌረዳ ነው። እሾሁ ስለሚቧጭር ልጆች ከሚሮጡበት ራቅ አድርጋችሁ በአጥሩ ላይ ብታስደግፉት መልካም ነው።

ጥላ ለሚበዛበት ግማሽ፣ ከነፋስ በተጠለለው ግድግዳ ሥር አንድ ሁለት እግር ቡናና ጌሾ ብትተክሉ አታፍሩም። ሁለቱም የጫካ ውስጥና የጫካ ዳር ተክሎች በመሆናቸው ከፊል ጥላ ይስማማቸዋል። ቡና ከደረቅ ጊዜ በኋላ ደህና ዝናብ ሲያገኝ በ10 ቀን አካባቢ ውስጥ ነጭ አበባ ለብሶ ግቢውን በሽታው ያውደዋል። የጌሾ አበባ አረንጓዴና እዚህ ግባ የማይባል ትንሽ ነው፤ ንቦች ግን እንደኛ መልክ አይመርጡም።

በመጨረሻ፣ ሰው ሁሉ ንብ ሲባል የሚያስበው በቀፎ የምትኖረውን ብቻ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ አፈር ቆፍረው ወይም የደረቀ ግንድ ቦርቡረው እንቁላላቸውን የሚጥሉ ብዙ ዓይነት ንቦች አሉ። መሬት ውስጥ የምትኖረውና በመድኃኒትነቱ የታወቀውን ማር የምትሰጠን ጣዝማም አለች። ጣዝማ ልደታ ኮንዶሚኒየም ትመጣለች ብላችሁ እንድትጠብቁ አልልም፤ ሌሎቹ ግን ይመጣሉ። ስለዚህ ባለሙያው እንዳሉት መሬቱን በሙሉ ምንጣፍ ሣር አታልብሱት። ፀሐይ በሚያገኘው ጥግ ጥቂት ካሬ ሜትር ያልተሸፈነና የማይኮተኮት አፈር ተዉላቸው፣ አንድ የደረቀ ግንድም አጋድሙላቸው።

ተክሎቹን ከመግዛታችሁ በፊት በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሄዳችሁ ብትጎበኙ ይጠቅማችኋል። ስሙን ያላወቃችሁት ተክል ካጋጠማችሁ ደግሞ አበባና ቅጠል ያለበትን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል አድርቃችሁ አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት ማዕከል) ልትጠይቁ ትችላላችሁ። በአገራችን 6000 ያህል የከፍተኛ ዕፅዋት ዝርያዎች ስላሉ፣ ከእነርሱም 10 በመቶ ያህሉ በሌላ አገር የማይገኙ ስለሆኑ፣ በስም መሳሳት ለማንም የሚያጋጥም ነው።

መልስ፦ ችግኝ አፍዪ ከቀበና

መምህር ያሉት ላይ የምጨምረው በእጅ የሚሠራውን ነው። ችግኝ እያፈላሁ የምኖር ሴት ነኝና ገዢዎች በየዓመቱ ምን ላይ እንደሚቸገሩ አያለሁ።

ከሁሉ በፊት አፈሩ ነው። የሲሚንቶ ፍርስራሽ ያለበት መሬት ላይ የምትተክሉት ማንኛውም ነገር ለአንድ ክረምት ለምልሞ በበጋው ይቀጭጫል፤ ሥሩ ፍርስራሹ ላይ ሲደርስ ይቆማልና። ገንዘባችሁ የሚበቃው ለአንድ ነገር ብቻ ቢሆን ከችግኝ ይልቅ ለቁፋሮው አውሉት። ለእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ አስቆፍሩ፣ ፍርስራሹን አስወጡ፣ በ3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ ደባልቃችሁ ሙሉት። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ቁፋሮው ግንቦት ላይ ቢያልቅና ተከላው ዝናቡ ከጸና በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ባለው ጊዜ ቢሆን፣ ችግኙ መስከረም ሳይጠባ ሥር ይይዝላችኋል፤ የሮቶውንም ውኃ ለበጋው ትቆጥባላችሁ።

ለአጥር ገንዘብ አታውጡ። ሰንሰል፣ አንዳንዱ ስሚዛ የሚለው ማለቴ ነው፣ በከተማችን በየአሮጌው ግቢ አጥር ሆኖ ይገኛል፤ ባለቤቱን አስፈቅዶ ቁራጭ መውሰድ ነው። የክንድ ያህል ርዝመት ያለውን ጠንከር ያለ ቁራጭ ቢያንስ ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ እንዲገባ አድርጋችሁ ብትሰኩት፣ በክረምት ከሆነ አብዛኛው ይይዛል። ጥላውንም ፀሐዩንም ይችላል። ነገር ግን የግቢ አስዋቢዎች እንደሚያደርጉት በየወሩ እንደ ግድግዳ ደልድላችሁ አትከርክሙት፤ አበባው የሚወጣው ከጫፉ ስለሆነ እንዲህ የተከረከመ ሰንሰል ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ሲያብብ ቆም ብላችሁ እዩት። ነጩ አበባ የላይና የታች ከንፈር አለው፤ ንቧ የታችኛውን ተቆናጣ ጭንቅላቷን ስታስገባ የላይኛው ጀርባዋን በዱቄት ይቀባታል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው አበባ ይዛው ትሄዳለች።

ጥላ ላለበት ወገን ከሰንሰል ሌላ ዳማ ከሴና ምሥርች ይስማማሉ። ዳማ ከሴን ለምች መድኃኒትነቱ የማያውቅ ስለሌለ ጎረቤት ሁሉ እየቀነጠሰ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ሦስት አራት እግር ትከሉ፣ አንዱን ለቀንጣሹ፣ ሌላውን ለንቡ። በጋ ላይ ትንሽ ውኃ ካገኘ ማበቡን አያቋርጥም። ፀሐይ ላለው ወገን ኮሰረትና ጦስኝ አስቡ። ጦስኝ የደጋ ሰው ነውና ብርዱን አይፈራም፣ ውኃ የሚቋጥር አፈር ግን ያበሰብሰዋል። ከፍ ባለ መደብ ላይ ጠጠር ቀላቅላችሁ ትከሉት። አፈሩን መለወጥ ያልቻላችሁበት ደረቅ ጥግ ካለ ደግሞ ጥንጁት ይሞከር፤ ወተት ዕቃ የምናጥንበት እርሱ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ የሚበቅል ተክል ስለሆነ ችጋር አይበግረውም።

አደይ አበባን ችግኝ ልግዛ ብሎ የሚመጣ ሰው አለ። አትግዙ፤ ዘሩን ኅዳር ላይ አበባው ሲደርቅ ከከተማው ዳር ሰብስባችሁ በወረቀት ከረጢት አኑሩ፣ ሰኔ ላይ መሬቱን ጫር ጫር አድርጋችሁ በትኑት። ዋናው ጠላቱ ጎልጓይ ነው። ቡቃያው ከአረም ጋር ስለሚመሳሰል የጥበቃ ሠራተኛችሁ ሐምሌ ላይ ጠርጎ ያወጣዋል፤ ቦታውን በድንጋይ ከልሉት፣ ለእርሱም ንገሩት።

መምህር አላነሷቸውም እንጂ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ብሳና ትከሉ የሚሏችሁ ሰዎችም አይጠፉም። ሦስቱም ንብ የሚወዳቸው የአገራችን ዛፎች ናቸው፤ በ4 ሜትር ወርድ፣ በሁለት ሕንፃ መካከል፣ ከፍሳሽ መስመር አጠገብ ግን ቦታቸው አይደለም። ለትምህርት ቤት ወይም ለቤተ ክርስቲያን ግቢ ቢሆን እኔው በነፃ እሰጣችሁ ነበር።

ስትገዙ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ የችግኙን ፕላስቲክ ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ። ሥሩ ከሥር ወጥቶ ከተጠማዘዘ ችግኙ በፕላስቲኩ ውስጥ ከልክ በላይ ቆይቷልና ቁመቱ አያታላችሁ፤ አጠር ያለውን ምረጡ። ሁለተኛ፣ «አገር በቀል ነው፣ ቢራቢሮ ይወደዋል» ተብሎ የወፍ ቆሎ ሊሸጥላችሁ ይችላል። ቢራቢሮ መውደዱ እውነት ነው፤ ተክሉ ግን ከአሜሪካ አህጉር የመጣና በአገራችን ግጦሽ እየወረረ ያለ ነው፣ ወፎችም ፍሬውን እየበሉ ዘሩን ይበትኑታል። ዘመዱ የሆነው አገር በቀሉ የረኛ ቆሎ ሌላ ነው።

የተባይ መድኃኒትን በተመለከተ፣ ክሽክሽ ባያችሁ ቁጥር ማላታዮን የሚነፋ ሰው የምትጠሩ ከሆነ ይህን ሁሉ ባትደክሙ ይሻላል፤ የሚነፋው ነገር ከክሽክሹ ይልቅ ንቡን ነው የሚፈጀው። የሳሙና ውኃ ይበቃል። በመደቡ ዳር እንስላልና ድንብላል እንዲያብብ ብትተዉ ደግሞ ንብ የምትመስል አንዲት ዝንብ አበባውን ፍለጋ ትመጣለች፣ ከእንቁላሏ የሚፈለፈሉት ትሎችም ክሽክሹን ይበሉላችኋል።

መልስ፦ እናት ከካዛንቺስ

ሐሳቡ የሚያስደስት ቢሆንም ማንም ያላነሣው ጉዳይ አለ። የእኔ ልጅ ንብ ስትነድፈው ፊቱ ያብጣል። በኮንዶሚኒየም ግቢ ልጆች የሚጫወቱበት ሌላ ቦታ ስለሌለ፣ ንብን ሆን ብሎ ወደዚያው መጥራት ለሁሉም ነዋሪ ተስማሚ ነው ብላችሁ ታምናላችሁን? ኮሚቴው ሲወስን እንዲህ ያሉ ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች ጠይቋልን?

መልስ፦ ንብ አናቢ ከጉለሌ

እኅቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ቀልድም አይደለም። የአገራችን ንብ ቁጡ መባሏ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ የምትቆጣው ግን ቤቷን ስትከላከል ነው። ቀሰም ፍለጋ አበባ ላይ ያረፈች ንብ የምትጠብቀው ማርም እጭም ስለሌላት፣ ካልተጨበጠች ወይም ካልተረገጠች በስተቀር መንደፍ ሥራዋ አይደለም። ስለዚህ አበባ መትከልና ቀፎ መስቀል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ንብ የማነባ ሰው ሆኜ ሳለሁ እንኳ፣ በሁለት ሕንፃ መካከል ቀፎ ይቀመጥ ቢባል አጥብቄ እቃወማለሁ።

የልደታው ጠያቂ ሊያደርጉ የሚገባቸው፣ ንብ የሚበዛባቸውን እንደ ግራዋና ዳማ ከሴ ያሉትን ልጆች ከሚሮጡበት መተላለፊያ ቢያንስ 2 ሜትር አርቀው መትከል፣ ምድር ለምድር የሚያብበውን ጦስኝ ደግሞ በባዶ እግር በማይረገጥ ከፍ ያለ መደብ ላይ ማድረግ ነው። ከሮቶው ቧንቧ ሥር ውኃ እንዳይንጠባጠብም ይጠንቀቁ። በበጋ ንቦች ውኃ ፍለጋ ተሰብስበው ሰው የሚነደፈው ብዙውን ጊዜ ከአበባው ይልቅ በእንደዚህ ያለው ቦታ ነው። ጠጠር የተሞላበት ሰፋ ያለ ሳሕን ራቅ አድርገው ውኃ ቢያኖሩላቸው ወደዚያ ይለምዳሉ።

ልጅዎን በተመለከተ፣ የተነደፈበት ቦታ ብቻ አብጦ የሚቀር ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ከንፈሩ፣ ጉሮሮው ወይም መላ ሰውነቱ የሚያብጥ፣ ትንፋሹም የሚያጥረው ከሆነ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት፤ ይህንንም አስቀድመው ከሐኪም ጋር ይነጋገሩበት። ማንም ሰው ሲነደፍ እሾኳ ቆዳው ላይ ቀርቶ መርዝ መርጨቷን ስለምትቀጥል፣ መንገድ ሳይመርጡ በፍጥነት ማንሣት ይገባል።

መልስ፦ የበረንዳ አትክልተኛ ከሰንጋ ተራ

ስለ ቲማቲሙ ብቻ ልመልስ። ቲማቲም በአንዱ አበባ ውስጥ ወንዴውንም ሴቴውንም የያዘ ስለሆነ የግድ ከሌላ ተክል ዱቄት አይፈልግም፤ ዱቄቱ የሚወጣው ግን አበባው ሲንቀጠቀጥ ነው። ሜዳ ላይ ያለውን ነፋስ ያናውጠዋል፤ አበባውን ተቆናጠው የክንፋቸውን ጡንቻ እያርገበገቡ የሚያንቀጠቅጡት ትልልቅ ንቦችም አሉ። የማር ንብ ይህን አትችልም፤ ስለዚህ ግቢው በማር ንብ ቢሞላም ለዚህ አይረዳም። ጎረቤትዎ ረፋድ ላይ ያበበውን ዘለላ ከበስተኋላው በጣታቸው ለስለስ አድርገው ይምቱት፣ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጥርስ ብሩሽ ግንዱን ያስነኩት። ጥሩ ጊዜ ከመረጡ ቢጫው ዱቄት ሲበንን ይታያል። ይህም ተደርጎ የሚረግፍ ከሆነ፣ በጥቅምትና በኅዳር ከሆነ የሌሊቱ ብርድ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ የውኃው መዘባረቅ ነው የሚጠረጠረው።

የልደታ ነዋሪ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የካዛንቺሷ እናት ያነሱት ነጥብ በኮሚቴው አልተነሣም ነበርና በየቤቱ እየዞርን ለመጠየቅ ወስነናል።

በምክራችሁ መሠረት ያዘጋጀሁት ዕቅድ ይህን ይመስላል። በረጅሙ ዳርቻ ሰንሰል፣ ከግድግዳው ጥግ ቀጋ፤ በጥላው ወገን ዳማ ከሴ፣ ምሥርች፣ ጌሾና አንድ እግር ቡና፤ በፀሐዩ ወገን ግራዋ፣ እሬት፣ ራስ ክምር፣ ኮሰረትና በመደብ ላይ ጦስኝ፤ በመካከሉ የአደይ አበባ ዘር፤ ሮቶው ካለበት ተቃራኒ ጥግ ደግሞ ያልተሸፈነ አፈርና የንብ ውኃ። ወር በወር ስደለድለው ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው ሞላልኝ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ግን ዳማ ከሴውን እያጠጣን ከምናቆየው በቀርና ዝናብ ከመጣ ከሚያብበው ቡና በስተቀር ባዶ ሆነብኝ። ለዚያ የሚሆን፣ ከ3 ሜትር የማይበልጥ ነገር ይኖራል? የፀሐዩ ወገን የፍሳሽ መስመሩ ያለበት ስለሆነ ግራዋውን ምን ያህል ማራቅ አለብን?

መልስ፦ ችግኝ አፍዪ ከቀበና

ግራዋውን ከመስመሩ 3 ሜትር አርቁት፤ ወርዱ 4 ሜትር ነው ካላችሁ መስመሩ ከሌለበት ዳርቻ አጠገብ ማለት ነው፣ ሰንሰሉን እዚያ ላይ ትንሽ አቋርጡለት። ለመጋቢትና ለሚያዝያ አዲስ ቁጥቋጦ ከመፈለጋችሁ በፊት ሐበሻ ጎመን ሞክሩ። ኅዳር ላይ ጥቂት መስመር ዝሩ፣ ቅጠሉን እየቀነጠባችሁ ብሉ፣ የካቲት ሲገባ መቀንጠቡን አቁማችሁ ግንድ እንዲያወጣ ተዉት። ቢጫ አበባው ንብ ይሰበስባል፣ ዘሩን ደግሞ ለቀጣዩ ዓመት ትይዛላችሁ። በጀሪካን ማጠጣት ግን ይጠይቃል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማን እንደሚያጠጣ ሳትወስኑ አትዝሩ። የሰንሰል ቁራጭ ከእኔ ግቢ አጥር መውሰድ ትችላላችሁ፤ ሰኔ ላይ ከመምጣታችሁ በፊት ንገሩኝ።